በሩ ከተሰበረ ቁልፉ ምን ይሠራል?

ሮተርዳም፣ መስከረም 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለአያ ስማቸው፣

አዲሱ ዓመት ለእርስዎም ለቤተሰቡም የጤናና የሰላም ይሁን እያልኩ ከሩቅ እጅ እነሳለሁ። እኔም ልጄ ሄለንም ብርዱ ቶሎ ከመጀመሩ በቀር ደኅና ነን። ስልክዎን ደጋግሜ ሞክሬ አልሠራ አለኝ። ኔትወርኩ እስኪመለስ ብዬ ጊዜ ከማጠፋ፣ ይህን ደብዳቤ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ልኬዋለሁ። ከዚያ መልእክት የሚያመላልስልን ጌቾ ጎንደር ሲወጣ ይዞልዎ ይመጣል።

አያ ስማቸው፣ ስለ አያቴ ስለ አለበል መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። አባቴ ታሞ ተኝቶ እንኳ ይህንኑ ይተርክልኝ ነበር። አያቴ በቀትር ሰዎቹን አስከትሎ ጎንደር ባንክ ገባ፣ ሥራ አስኪያጁን ከወንበሩ ጋር አሰረው፣ ብሩን ቅዳሜ ገበያ ላይ ለድሃ በተነው። አባቴ ሲሞት ቤትም ጥሪትም አልተወልኝም። የተወልኝ ይህን ነው። እዚህ የምሠራበት ወደብ ላይ ለባልደረቦቼ ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነስተው ነው የሰሙኝ። ስለ አገሬ ከረኃብና ከጦርነት ሌላ ነገር ስነግራቸው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

አሁን እርዳታዎን እፈልጋለሁ። በአያቴ ተዝካር ላይ የተወረደውን ሙሾ ሙሉ ቃሉን ይጻፉልኝ። ዘረፋው የተፈጸመው መቼና በየትኛው ሕንፃ እንደ ሆነ ከሽማግሌዎች ይጠይቁልኝ። ደግሞም ኮሶዬ ያለው መቃብሩ ላይ የድንጋይ ቤት እንዲሠራለት አስቤያለሁ፣ ገንዘቡን ጌቾ ይሰጥዎታል። ማተሚያ ቤቱ እስከ ፋሲካ ጨርሺ ብሎኛል።

ምርቃትዎ አይለየኝ፣
ልጅዎ ፀደይ


ጎንደር፣ ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደይ፣

የኮሶዬዋ ማርያም በሄድሽበት ትከተልሽ፣ ሄለንንም ታሳድግልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ደብዳቤሽ መንገዱ እስኪከፈት አዲስ አበባ ከርሞ የዛሬ ሁለት ሳምንት ደረሰኝ።

እንዳትቀየሚኝ እንጂ እውነቱን ልንገርሽ፣ የአጎቴ የአለበል ወሬ ሲነሳ ተነስቼ እወጣለሁ። ኮሶዬ መንገድ ዳር አንድ ምግብ ቤት ተከፍቶ ግድግዳው ላይ ሥለውታል። ፊቱ በጨርቅ ተሸፍኗል፣ ባርኔጣ ደፍቷል፣ በሁለት እጁ ሽጉጥ ይዟል። አጎቴ በዕድሜው ባርኔጣ አልደፋም፣ ሽጉጥም አልነበረውም። ጎረምሶቹ ጥብሳቸውን በልተው እጃቸውን ሳይታጠቡ ከሥዕሉ ሥር ፎቶ ይነሳሉ። እኔ እዚያ ቤት ውኃም አልጠጣ።

ሙሾውን ግን ስለጠየቅሽኝ ይኸውልሽ፦

የባንኩን በር ሰብሮ ገባና በቀትር፣
ለድሃ በተነው እንደ ዘር እንደ ምስር፤
አድማሴ ዘበኛው አደራ የበላ፣
ቁልፉን አቀብሎ ቆመ ከበር ኋላ።

እስኪ አንቺው የተማርሽው ፍረጂ። በሩን ከሰበረው ቁልፉ ምን ይሠራለታል? ይህን ግጥም አገር ሁሉ ሲያዜመው ኖሯል፣ ይህን የጠየቀ ሰው ግን አላየሁም።

ሽማግሌዎችን ጠይቄያለሁ። የተሰበረ ባንክ የለም። በ1948 ክረምት የባንክ ሣጥን የጫነች ማኪና የመንግሥት ሠራተኞችን ደሞዝ ይዛ ወደ ደባርቅና ወደ አዲ አርቃይ ስትሄድ ኮሶዬ ዳገት ላይ ጭቃ ያዛት። ያን ዳገት እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በጭነት ማኪና ወጥቼዋለሁ፣ ክረምት ላይ የማይዘው ጎማ የለም። ዘበኛው አድማሴ የዚያው የኮሶዬ ሰው ነበር። ሮጦ ጎረቤቶቹን ጠራ፣ ወንዱም ሴቱም ወጥቶ ገፋ። ማኪናዋ ስትወጣ ሣጥኑ የለም። ዘረፋ የምትሉት ይኸው ነው።

ከዚያ አውጫጪኝ ተጠራ። አንቺ አታውቂውም ይሆናል። የአካባቢው ሕዝብ በሙሉ መስክ ላይ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየ ሰው ያየውን ለተመረጡት ሽማግሌዎች ብቻ በስውር ይናገራል። ይህን ሰው ወፍ ይሉታል። ወፍ ማን እንደ ሆነ አይገለጽም፣ ሽማግሌዎቹም ላያወጡት ይምላሉ። በዝናብ ውስጥ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ሳይቀር እዚያ መስክ ላይ ከረመ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ፣ ሣጥኑን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲገባ ያየችው ወፍ አለች ብለው አድማሴን አስያዙት። ቤቱ ተቆፈረ፣ ምንም አልተገኘም። ሣጥኑ ስላልተገኘም ሕዝቡ አዋጥቶ እንዲከፍል ተፈረደበት። የእኔ እናት የብር አምባሯን ሸጣ ከፍላለች። ለድሃ በተነው የምትሉት ብር ከድሃ ነው የተለቀመው።

አድማሴ እስር ቤት ሞተ። ቤቱ ከዚያ ወዲህ ማኅበር ጠጥቶ አያውቅም፣ ጽዋው በደጃቸው አልፎ ይሄዳል። አለበልን ደግሞ በሕይወት ሳለ ማንም ሌባ ብሎት አያውቅም። ዘራፊ የሆነው ከሞተ በኋላ፣ በ1965 በተዝካሩ ቀን ነው። ይህም ነገር ይከነክነኛል።

የአድማሴ ልጅ አበቡ አለች። አሁን አሮጊት ናት፣ ልቧ ታሟል፣ ሐኪሙም ብዙ ተስፋ አልሰጣትም። መጽሐፍ እንደምትጽፊ ሰምታ ጎንደር ድረስ መጣችብኝ። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። አባቷን የሚሰድበው ስንኝ መጽሐፉ ላይ እንዳይወጣ። እስካሁን በአፍ ነበር፣ ከታተመ ግን እኔ ስሞት እንኳ አይሞትም አለችኝ። እኔም እለምንሻለሁ።

እግዚአብሔር ልቦናሽን ያራራልኝ፣
ስማቸው


ሮተርዳም፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ስማቸው፣

ልደቱን በሰላም ያድርስዎ፣ ለጉልበትዎም ምሕረቱን ይላክልዎ። ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ።

ባንኩ ይሁን የባንኩ ማኪና፣ ለእኔ ብዙ ልዩነት የለውም። ታሪክ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ቅርጹ ይለወጣል፣ ይህን በመግቢያዬ ላይ አስረዳለሁ። ሕዝብ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያዜመውን ሙሾ ግን ቆርጬ ማውጣት አልችልም። ቅርስ ነው። ዛሬ የማይጥመንን ስንኝ እኔ ካወጣሁ ነገ ሌላው ሌላውን ያወጣል። ከግርጌ ማስታወሻ እጽፋለሁ፣ «ስለ ዘበኛው የተባለው አልተረጋገጠም» ብዬ። ይህ ይበቃል ብዬ አስባለሁ።

ለእማማ አበቡ ለመድኃኒት የሚሆን በጌቾ በኩል ልኬያለሁ። ቅር እንዳይላቸው ይንገሩልኝ። የመቃብሩን ሥራ ግን እባክዎ ያፋጥኑት። የምረቃውን ፎቶ ለመጽሐፉ ሽፋን እፈልገዋለሁ። በሩ ላይ «የጎንደር የመጀመሪያው ባንክ ዘራፊ» የሚል ቢጻፍ ሸጋ ይሆን ነበር፣ ካህናቱ ከፈቀዱ።

አክባሪዎ ፀደይ


ጎንደር፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፀደይ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ልጅሽን ሳሚልኝ።

ገንዘቡን አበቡ አልተቀበለችም፣ ጌቾ ይዞት ተመልሷል። መሬት ላይ ሲያስቀምጠው በእግሯ ገፋችው ብሎኛል። ካህናቱንም ስለ ጽሑፉ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ሰው ስንት ዓመት ኖሮ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ «ዘራፊ» ብላችሁ ጻፉልኝ ብሎ ይጠይቃል?

ያ የቁልፉ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ግጥሙን የገጠሙትን ሴትዮ ፈልጌ ሄድኩ። እማሆይ ማሬ ይባላሉ። ዱሮ በዚህ አገር ያለ እሳቸው ተዝካር የሚያወጣ ባለጸጋ አልነበረም። አሁን ቆብ ደፍተው ደባርቅ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በአንዲት ጎጆ ይኖራሉ። መንገዱ ተዘግቶ ብዙ ጠበቅኩ፣ ከተከፈተም በኋላ እየተፈተሽን ነው የደረስነው።

መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ አገኘኋቸው። የማን ልጅ እንደ ሆንኩ ነግሬያቸው፣ ደግሞም በሩ ከተሰበረ ቁልፉ ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁ።

«እኔም ለአባትህ ይህንኑ ብየው ነበር» አሉኝ። «ልቅሶ ላይ ማን ይመረምራል አለኝ።»

ለአባቴ ነው ያሉኝ ፀደይ። ለአለበል ታናሽ ወንድም።

የቀረውን እንደ ተራ ወሬ ነገሩኝ። አለበል ምንም አልሰረቀም። የሰረቀው ማን እንደ ሆነ እሳቸውም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም፣ ሾፌሩ ነው የሚል አለ፣ ማስረጃ ግን የለም። አለበል የሠራው ሌላ ነው። በአውጫጪኙ ወፉ እሱ ነበር። አድማሴ ሣጥን ተሸክሞ ሲገባ አይቻለሁ ብሎ በሐሰት የተናገረው እሱ ነበር። የሁለቱ ድንበር ላይ ያለችውን የሣር መሬት ሲጣሉባት ኖረው ነበርና አድማሴ በታሰረ በዓመቱ መሬቷን አለበል አጠራት። ሽማግሌዎቹ ቢምሉም ነገሩ በሹክሹክታ ወጣ፣ አለበል እስኪሞት አገር ሲያማው ኖረ።

«ወፍ ከሚባል ሌባ ይባል ብለው ወንድሞቹ ተማከሩ» አሉኝ። «ዘራፊ ከሆነ ወፍ ሊሆን አይችልማ። ጠርተው ጊደር ሰጡኝ፣ እኔም አወረድኩት። የአድማሴን ስንኝ ደግሞ አባትህ ጨምሪ አለኝ፣ የሱ ወገኖች እንዳይነሱብን ብሎ።»

አላፈሩም ወይ አልኳቸው።

«ምነው? ሸጋ ግጥም ነበር እኮ» አሉኝ፣ ቆባቸውን እያስተካከሉ።

ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆምኩ። የአንድ ንጹሕ ሰው ስም በጊደር ተሸጦ፣ የሸጠው አባቴ፣ የገጠመችው መነኩሲት፣ ያዜመው አገር። ተዝካሩ ላይ ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር፣ ጎልማሳ ነበርኩ፣ ከሚያዜሙት ጋር አንገቴን እየነቀነቅኩ ጠላዬን ጠጥቻለሁ። ያችን የሣር መሬት አያትሽ በኋላ ባሕር ዛፍ ተከለባት። አባትሽ ጎንደር የተማረው በዚያ እንጨት ነው። አንቺም ብትሆኚ ከዚያ ነው የመጣሽው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፣ እኔም የዚያው ቤት ልጅ ነኝ።

በመልሴ ኮሶዬ ወርጄ ለአበቡ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ምን እንደ ጠበቅኩ እንጃ፣ ታለቅሳለች ብዬ ይሆናል። ደጇ ላይ ገብስ ታበጥር ነበር፣ ሰፌዱን እንኳ አላስቀመጠችውም።

«ወፉን እኔ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ» አለችኝ። «አባቴን በወሰዱት ዓመት ሣራችንን ማን አጨደው? እናቴም ታውቀው ነበር። እኔ ወፉን አምጡልኝ አላልኩም አያ ስማቸው። አባቴን ከዘፈናችሁ አውጡልኝ ነው ያልኩት።»

እሷ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ አያ ብላ የጠራችኝ ልታርቀኝ ነው። ያ ከስድብ የባሰ ሆኖ ተሰማኝ።

እንግዲህ አሁን አንቺም አውቀሻል። የግርጌ ማስታወሻ አይበቃም።

ስማቸው


ሮተርዳም፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአያ ስማቸው፣

በጾሙ ወራት ክፉ መጻፍ አልፈለግኩም ነበር፣ ስለዚህ ዘግይቻለሁ፣ እስከ ፋሲካ መቆየት ግን አልቻልኩም። ጤናዎ እንዴት ነው?

አንዲት ሰማንያ ያለፋቸው ሴት በነገሩዎት ወሬ የአያቴን አጥንት ለመውቀስ ቸኩለዋል። ማስረጃው ምንድን ነው? ሙሾውን አናምንም ካልን የገጠሙትን ሴትዮስ ለምን እናምናለን? እርስዎ ከድሮም አለበልን አይወዱም ነበር፣ አባቴ ይህን ነግሮኛል። የባሕር ዛፉ ለእኛ ቤት መድረሱ ሲቆጠቁጥዎ እንደ ኖረም ነግሮኛል።

ደግሞስ እውነት ቢሆን ምን ላድርግ? ሄለን ትምህርት ቤቷ ስለ ቅድመ አያቷ ተናግራ አጨብጭበውላታል። አሁን ጎረቤቱን በሐሰት ጠቁሞ ያስገደለ ነው ልበላት? ሌባ ይሻለኛል አያ ስማቸው። በግልጽ ልንገርዎ፣ ሌባ ይሻለኛል። ሌባ ቢያንስ ይደፍራል።

መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገብቷል። ስንኙም እንዳለ ነው።

ፀደይ


ጎንደር፣ ግንቦት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፀደይ፣

አባቴና ወንድሞቹ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ተቀምጠው የተማከሩትን ቃል አንቺ ሮተርዳም ተቀምጠሽ ሳትሰሚያቸው ደገምሽው። ሌባ ይሻላል። ደብዳቤሽን አንብቤ እጄን ታጠብኩ። ምን ዓይነት ደም ነው ያለን አልኩ። ሌላው ዘር የሚያፍርበትን ስርቆት እኛ ለብሰነው የምንታየው ምን የባሰ ነውር ብንይዝ ነው?

ማስረጃው ያልሽው ግን ትክክል ነው። እኔም ሰው ይጠይቀኛል ብዬ ስለዚህ አስቤበታለሁ። እማሆይ ማሬ ሊዋሹኝ ይችላሉ። ነገር ግን ራሳቸውን የሚያስነውር ውሸት ለምን ይዋሻሉ? አበቡም እሳቸው ያሉትን ሳትሰማ ያንኑ ታውቅ ነበር። የሣር መሬቷም እዚያው አለች፣ ማን እንደ ያዛት አገር ያያል። ከዚህ በላይ የለኝም፣ ያለኝን ግን አልደብቅም።

የመቃብሩን ሥራ አስቁሜዋለሁ፣ የተረፈውን ገንዘብ ጌቾ ይመልስልሻል። በግንቦት ልደታ ማርያም ክብረ በዓል ኮሶዬ ሄጄ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ቆምኩ። ተናጋሪ አይደለሁም፣ ዕድሜዬን ከማኪና መሪ ጋር ነው ያሳለፍኩት። «አጎቴ አለበል ባንክ አልዘረፈም። አድማሴን በሐሰት የጠቆመው ወፍ እሱ ነበር። ሙሾውን በጊደር ያሠራው አባቴ ነው። አድማሴ ንጹሕ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ።

አንዱ ዘመዳችን የሙታን አጥንት አይነካም አለ፣ ሌላው አረጀ ተውት አለ፣ ጎረምሶቹ ሳቁ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሥዕሉን ልታስጠፋብኝ ነው ብሎ ተቆጣ። አበቡ ሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። ተነስታ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወደ እኔ ሳታይ ወጣች።

በሳምንቱ ማኅበራችን ነበር። ጽዋው ከእኔ በፊት ካለው ሰው ከእኔ ቀጥሎ ወዳለው ሰው አለፈ። የአድማሴ ቤተሰብ ያን ሁሉ ዘመን የጠጣው ምን እንደ ነበር አሁን ገባኝ።

አበቡ ከዚያ ወዲህ አልጋ ይዛለች። መጽሐፍሽ ከመውጣቱ በፊት ብትሞት ለሷ ይሻላል ብዬ አስቤ ደነገጥኩ። እንዲህ ያስመኘኝን ነገር እጸየፋለሁ።

ከእንግዲህ የምጽፍልሽ የለኝም። ጤና ይስጥሽ።

ስማቸው


ሮተርዳም፣ ሰኔ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአያ ስማቸው፣

ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ አይደለም። እባክዎ ወስደው ለእማማ አበቡ ያንብቡላቸው። ከፈቀዱ ብቻ በማኅበሩም ይነበብ። መጽሐፉን ከማተሚያ ቤቱ አስወጥቻለሁ። አክስቶቼ አያናግሩኝም። ለሄለን ነግሬያታለሁ፣ ሁለት ቀን እራት አልበላችም። ይህን የምጽፈው ደግ ሆኜ አይደለም። ሌባ ይሻለኛል ብዬ የጻፍኩትን ቃል መልሼ ሳነበው ራሴን ቀፈፈኝ፣ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ለተከበሩ ለእማማ አበቡ አድማሴ፣

እግዚአብሔር ከዚህ ደብዳቤ በፊት ምሕረቱን ያድርስልዎ። አያውቁኝም፣ አያቴን ግን ያውቁታል። የላክሁልዎን ገንዘብ በእግርዎ መግፋትዎን ሰምቻለሁ፣ ደግ አድርገዋል። ይቅርታ ለመጠየቅ አልጻፍኩም፣ ይቅርታ የሚጠየቀው በአካል መጥቶ ነው፣ መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ። ካልደረስኩም መቃብርዎ ላይ እቆማለሁ። አሁን ግን እስትንፋስዎ ሳለ ከአለበል ዘር ከአንዱ አፍ እንዲሰሙት ብዬ ነው።

ባንክ የዘረፈ ሰው በቤታችን አልነበረም። አያቴ የዘረፈው አባትዎን ነው።

የአለበል የልጅ ልጅ
ፀደይ